በንዳድ ጊዜ ያየሁትና ያላየሁት ሕልም

ሕልም አየሁ የሚል ሰው ሲመጣብኝ እስካሁን ጆሮዬን መድፈን ያምረኛል። ልጆቼ ይስቁብኛል። «ሕልም ምንድነው? ሆድ ሲነፋ የሚመጣ ነገር ነው» ይሉኛል። እሺ፣ ይሁንላቸው። እነሱ የንዳዱን ዓመት አላዩትም። እኔ ግን ወረታ ላይ፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በጠራራ ፀሐይ «እንቅልፍ መጣብኝ» ብዬ ያለቀስኩ ልጅ ነኝ። ሰው እንቅልፍ ይፈራል? እኔ ፈርቻለሁ። በሽታው ከሚያመጣው ሞት ይልቅ በሽታው የሚያመጣው ሕልም ነበር የሚያስፈራኝ።

ወረታ ያኔ የዛሬዋ ወረታ አልነበረችም። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ይገናኙባታል፣ ካሚዮን ሲመጣ ልጅ ሁሉ ግር ብሎ ይወጣል፣ ከገበያ ቀን በቀር ግን ጭር ያለች ነበረች። እኛ እስላሞች ነን። አባቴ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ ይሸጥ ነበር። ቤት ውስጥ አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ ብቻ ነን። እህቴን እታለም ነው የምላት። ሐሙሲት ላለ ነጋዴ ልጅ ታጭታ ነበር፤ ሰርጓ ለጥር ተቆርጦ ቀሚሷ ሁሉ ተሰፍቶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ገና የወተት ጥርሴን ያልጨረስኩ፣ ምላሴ ግን ከጥርሴ የቀደመ ሴት ልጅ ነበርኩ።

ከአጥራችን ወዲያ የደብሩ የቄስ ትምህርት መምህር፣ የኔታ፣ ከሚስታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሚስቲቱን እማማ እላቸዋለሁ። ሥጋችን አይገናኝም እንጂ ሌላው ሁሉ በዚያ አጥር ላይ ሲመላለስ ይውላል፤ እሳት፣ ወንፊት፣ ፌጦ፣ ሐሜት። በአንድ ነገር ብቻ እናቴና እማማ ተስማምተው አያውቁም፤ በሕልም።

በእናቴ ደንብ፣ ክፉ ሕልም ያየ ሰው «አዑዙ ቢላሂ» ብሎ በግራው እንትፍ ይላል፣ ጎኑን ቀይሮ ይተኛል፣ ለማንም አይናገርም። ያልተነገረ ሕልም አይጎዳም። በእማማ ደንብ ደግሞ ተቃራኒው ነው። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይላሉ። መጀመሪያ የሰማው ሰው የተናገረው ይፀናል። ስለዚህ ክፉ ሕልም ያየ ሰው ምቀኛ ሳይቀድመው ሮጦ ለደግ ሰው መንገር አለበት። ደግ ሰው የተባሉትም ራሳቸው ነበሩ። ገና ሳይነጋ ሴቱ ደጃቸው ላይ ተኮልኩሎ ይገኛል፤ ጥርስ የወለቀበትም፣ እባብ ያየም፣ በሬ ያሳደደውም። እሳቸው ሁሉንም «እሰይ፣ ለመልካም ነው» እያሉ አንድ ነገር ፈልገው ይፈቱታል። እናቴ ከአጥሩ ወዲህ ሆና «አቤት ድፍረት!» ትላለች። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ሁለቱንም እሠራ ነበር፤ እንትፍ እልና ቀስ ብዬ በአጥር ቀዳዳ ለእማማ እነግራለሁ።

ያን ዓመት ክረምቱ አልወጣ አለ። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን አለበሱት። ይሄ እንኳ አዲስ አይደለም፤ ፎገራ ላይ በየዓመቱ ውሃ ይተኛል፣ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በርጥቡ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ያኔ ግን ውሃው ሸሸና ኩሬው ቀረ። ቢንቢው ከዋልካው ላይ እየተነሳ ይጋረፋል። በሽታው ከቢንቢ ነው ብሎ የሚያውቅ ሰው ግን በኛ ሰፈር አልነበረም። አንዱ ምች ነው ይላል፣ አንዱ ከረግረጉ የወጣ ክፉ አየር ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ የፈጣሪ ቁጣ ነው ብሎ ይገላገላል። ብቻ ንዳድ ገባ። ሜዳ ካለው መንደር ቀባሪ ጠፋ የሚል ወሬ መጣ። እግር ያለው ወደ ደጋ ወጣ። ከብቱ ጠባቂ አጥቶ የደረሰ ጤፍ ውስጥ ይገባል፣ «ተው» የሚለው የለም። የደብሩ ደወል ለሞተ ሰው ሲደወል ይውላል።

ሰው ሲታመም ሕልሙም ይታመማል። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ አይቼዋለሁ። ገበያ ላይ የተገናኘ ሰው «እንዴት ከረምክ» ብሎ ሳይጨርስ «ምን አየህ?» ማለት ጀመረ። ሁሉም ውሃ ነው የሚያየው፤ ውሃ በበር ሲገባ፣ ውሃ ከመደብ ስር ሲፈልቅ። ጥርሱ የረገፈበት ሰው ብዛቱስ! ጥርሱ አፉ ውስጥ እያለ በምላሱ እየዳሰሰ ይውላል። የእማማ ደጅ ሞልቶ አጥር ላይ ደረሰ። እሳቸውም «እሰይ» ሲሉ ድምፃቸው ዘጋ።

ከኛ ቤት መጀመሪያ የተያዝኩት እኔ ነኝ። ንዳድ ሰዓት ያውቃል፤ ፀሐይ ከአናት ዘወር ስትል ከተፍ ይላል። መጀመሪያ ብርዱ ነው። ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ እናቴ ያለውን ጋቢ፣ ጀንዲ፣ የአባቴን ካቦርት ሳይቀር ትከምርብኛለች። ከዚያ ትኩሳቱ ይመጣና ያን ሁሉ እየወረወርኩ እቃዣለሁ። ሱቅ ውስጥ ያለው የጨው ክምር ያድግብኛል፤ ጣሪያውን ነክቶ ወደኔ ያዘነብላል። ነጭ በሬ እስከ ሆዱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ስሜን ይጠራል። የሚጠራኝ በእናቴ ድምፅ ነው። «አቤት» ልል ስል አፌ ጨው ይሞላል። ስነቃ በግራዬ እንትፍ፣ እንትፍ እላለሁ፤ ያን ሰሞን የግራ ትከሻዬ ሳይደርቅ ነው የከረመው።

አንድ ቀን ትኩሳቱ ላይ ሆኜ በሬው ቀረ፣ ጨውም ቀረ። ደስ የሚል ነገር አየሁ። ዳስ ተጥሏል፣ ሰው ሞልቷል፣ እታለም ያን ቀሚሷን ለብሳ በበቅሎ ተቀምጣለች። እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ አጨበጭባለሁ፣ እዘፍናለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እያጨበጨብኩ ነቃሁ። ለካ ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሯል የምዘፍነው! «ሙሽራዬ እታለም» እያልኩ፣ እልል እያልኩ ነበር።

ቤቱ ዝም ብሏል። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። እታለም ከጎኔ፣ ለኔ የሚሆን ጨርቅ በውሃ እየነከረች፣ ጨርቁን ይዛ ቀርታለች። እማማም ፌጦ ይዘው መጥተው ደፉ ላይ ናቸው። ዝም ያሉበት ምክንያት ለኔም ወዲያው ገባኝ። ሰርግ በሕልም ለቅሶ ነው። ይሄን እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሕፃኑም ያውቃል። ያውም የማን ሰርግ እንደሆነ በስሟ ጠርቼ ነው የዘፈንኩት።

እማማ እንደ ደንባቸው ቶሎ ለመልካም ሊፈቱት አፋቸውን ከፈቱ። «እሰ...» ሲሉ እናቴ ዘላ ደረሰችባቸው።

«እትየ፣ ይተዉ! በሞቴ አይናገሩ! አይነሳ!»

«ኧረ ልቀቂኝ፣ ልፍታው! ሰው ሳይቀድመኝ ልፍታው!»

«አይፈታም! ሕልም አይደለም፣ ትኩሳት ነው! ዝም ይበሉ!» ብላ እናቴ አፋቸውን በመዳፏ ያዘች። በኛ አገር ሴት የታላቋን አፍ በእጇ ስትይዝ ያኔ ብቻ ነው ያየሁት። እንዲያ ሲተናነቁ እታለም ጨርቁን ጣባው ውስጥ መልሳ ጨመቀችው።

«ሰርግ ለቅሶ ነው» አለች። «የኔ ነው። በቃ፣ ተፈታ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እማማ «ወየው» ብለው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። እናቴ መሬቱን በመዳፏ መታችው። እንትፍ ብትልስ ምን ዋጋ አለው? አንዷ ቶሎ ይነገር ስትል፣ አንዷ አይነገር ስትል፣ በመሃል እታለም ሞቷን ራሷ ፈታችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴና እማማ ተኳረፉ። እናቴ «እሳቸው ባይመጡ ማንም አያነሳው ነበር» ትላለች። እማማ ደግሞ «አፌን ባትይዘኝ ለመልካም ፈትቼው ነበር» ይላሉ። በአጥሩ ላይ እሳት መቀባበል ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ እታለም ወደቀች። የእሷ ንዳድ እንደኔ አልነበረም። እኔን ጥሎኝ ይሄዳል፣ እሷን ግን ያዛትና ያዛት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። እኔ እየተሻለኝ ሄጄ ነበር፤ ግን እንቢ አልኩ፣ አልተኛም አልኩ። ብተኛ ምን እንደማይ ማን ያውቃል? አንዴ ሰርጓን አይቼ እንዲህ ካደረግኳት፣ ሌላ ባይስ? ዓይኔ ሲከደን ራሴን እቆነጥጣለሁ። ጥሬ ሽንኩርት እየላጥኩ ዓይኔ አጠገብ አደርጋለሁ። ቆሜ እውላለሁ። እናቴ ተቆጣች፣ ለመነች፣ «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም፣ አንቺ ልጅ!» አለች። እሷ በተረት ተናገረች፣ ለኔ ግን ተረት አልነበረም። አባቴ አንድ ቀን ከሱቁ ገብቶ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ያ የጨዋታ ሰው፣ ገበያተኛውን ሁሉ በቀልድ የሚሸኝ ሰው፣ ዞሮ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

በመሃሉ የመንግሥት ካሚዮን ከጎንደር መጣና መንገዱ መገናኛ ላይ ቆመ። ከላዩ አንድ ድሬሰር የሚሉት ሐኪም ቢጤ ወርዶ ነጭ ክኒን ያድላል ተባለ። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ሰው ተጋፍቶ፣ ተሰዳድቦ፣ በርሜል ላይ ወጥቶ ነበር አሉ። ሲመለስ ነጠላው ተቀዷል፣ ክኒኑ ግን በወረቀት ተጠቅልሎ በእጁ አለ። «ሁሉንም መዋጥ አለባት ብሏል፤ አንድም እንዳይቀር» አለ። እናቴ «አልሃምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች። እታለም ክኒኑን ተቀብላ አፏ ውስጥ አድርጋ ውሃ ጠጣችበት። እሰይ አልን ሁላችንም።

እኔ ከእሷ ጋር አንድ መደብ ላይ ነኝ። አልተኛም ስላልኩ ገለባውን ስቆነጥር እውላለሁ። ስቆነጥር ስቆነጥር ከጀንዲው ስር ጣቴን አንድ ነገር ነካኝ። ክኒኑ ነው። ትናንት የዋጠችውም፣ ዛሬ የዋጠችውም። 

«እታለም፣ ምንድነው ይሄ?»

አልደነገጠችም። «መልሺው» አለችኝ። «ላለቀለት ሰው መድኃኒት አይጣልም። ነገ እናቴ ትወድቃለች፣ አንቺም ያገረሽብሻል። ያኔ ትወስዱታላችሁ።»

«እናቴን እጠራለሁ!»

«ጥሪያት። አፌን ፈልቅቃ ታስገባዋለች፣ ዞር ስትል እተፋዋለሁ።»

ጠራሁ እንጂ! ጮህኩ። እናቴ መጣች፣ ክኒኑን አየች፣ ለመነች፣ ጡቷን አውጥታ «ባጠባሁሽ» አለች። አባቴ እግሯ ስር ተንበረከከ፤ አባት ለልጁ ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም። እታለም ሁሉንም «እሺ» ትላለች፣ ትቀበላለች፣ እናቴ ጉንጯን ይዛ ታስውጣታለች፣ ከዚያ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከታ ታስመልሳለች። እልኸኛ መሆኗን አውቅ ነበር፤ በነፍሷ ላይ እንዲህ እልኸኛ መሆኗን ግን አላውቅም ነበር። ምን ጉድ ነው ይሄ! በሽታው ሳይሆን የኔ ዘፈን ሊገድላት ነው። ሌላው ሁሉ ውሃና ጥርስ ሲያይ ምን ሰርግ አሳየኝ? ያ ክፉ በሬ ምን በደለኝ?

በዚያው ሰሞን የኔታ ሞቱ። ዛሬ ታመሙ ሲባል በነጋታው ደወሉ ተደወለ። እናቴ ኩርፊያውን ትታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች። እሷና እማማ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ለቅሶው በረድ ሲል፣ እማማ ብቻቸውን ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ሳለ፣ ሾልኬ ሄድኩ። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ስለ ሕልም መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ማንን ልጠይቅ?

«እማማ፣ የተፈታ ሕልም ተመልሶ ይቋጠራል?»

አዩኝ። ዓይናቸው አብጦ ጠቧል። «አይ ልጄ» አሉ፣ «እኔ ለየኔታ ስንት ፈታሁላቸው። ሌት ተቀን ‹እሰይ› ስል ከረምኩ። ምን ዋጋ አለው?»  ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «የተፈታ አይቋጠርም። በላዩ ሌላ ሕልም ሊመጣበት ይችላል እንጂ። ሰርግ ለቅሶ ከሆነ ለቅሶም ሰርግ ነው። ሞተ ተብሎ በሕልም የታየ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል።»

አቤት የሮጥኩት አሯሯጥ! ያን ሁሉ ቀን እንቅልፍ ስሸሽ የነበርኩ ልጅ መደቡ ላይ ወጥቼ፣ ተሸፋፍኜ፣ ዓይኔን ጨምቄ ተኛሁ። «ያ አላህ፣ እታለምን ሞታ አሳየኝ» ብዬ ለመንኩ። እንዲህ ያለ ዱዓ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንቅልፉ ወሰደኝ። ምን ባይ ጥሩ ነው? አህያ! አንድ አህያ የአባቴ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሽንኩርት ይሸጣል፣ «ጨምሪ፣ ጨምሪ» እያለ ይከራከረኛል። ነቅቼ በንዴት አለቀስኩ። ደግሜ ተኛሁ። ምንም አላየሁም፣ ጨለማ ብቻ። ሳልፈልገው ሲያሳድደኝ የከረመው ሕልም ስፈልገው ጥሎኝ ሄደ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የፈለጉትስ መቼ ነው የሚደርሰው?

እታለም በዚያን ቀን ውሃ መጠጣትም እያቃታት ነበር። እናቴ ከንፈሯን በጥጥ ታርሳለች። አባቴ ደጅ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይዟል፣ ጣቱ ግን አይንቀሳቀስም። ሌላ ቀን የለም፤ ይሄን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ስለዚህ ሕልም አልመጣ ካለ ራሴ አመጣዋለሁ አልኩ።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሌላ ውሸትማ ስንቱን ዋሽቻለሁ። የሕልም ውሸት ግን ለብቻው ነው። ያላየውን ሕልም አየሁ ያለ ሰው የቂያማ ቀን ሁለት የገብስ ፍሬ ተሰጥቶት «እርስ በርስ ቋጥራቸው» ይባላል፣ አይችልም፣ እስኪችል ይቀጣል፤ አባቴ ነው ይሄን የነገረን። ጓዳ ገብቼ ከእንስራው ሁለት የገብስ ፍሬ አወጣሁ። ልቋጥራቸው ሞከርኩ። ያንሸራትታሉ። በምራቄ አርሼ ሞከርኩ፣ በጥርሴ ይዤ ሞከርኩ። አንዱ ተሰበረ። እሺ፣ አይቋጠርም፣ ምን ላድርግ። እየፈራሁ ወጣሁና መደቡ ጫፍ ላይ ቆምኩ።

«ሕልም አየሁ» አልኩ ጮክ ብዬ።

እናቴ ዞር ብላ ልትመታኝ እጇን አነሳች። «አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!»

«አልልም! እታለምን ሞታ አየኋት!»

እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። አባቴ ደፉ ላይ መጥቶ ቆመ። እታለም ዓይኗን ገለጠች።

«ሞተሽ አየሁሽ» አልኳት። ቃሉ በቃሉ ላይ እየተደራረበ ይወጣል። «ቤቱ ሰው ሞልቷል። ሁሉም ያለቅሳል፣ እናቴ ፊቷን ትነጫለች፣ አባዬ ራሱን በድንጋይ ይመታል። ሰርግ የለም፣ ዘፈን የለም፣ ለቅሶ ብቻ ነው። ከዚያ ደወሉ ተደወለ። ከዚያ ካህናቱ መጡ፣ ጥላውን ዘረጉልሽ፣ እያጠኑ ይፈቱሻል... የኔታም በመሃላቸው አሉ። ወደ ደብሩ ወሰዱሽ። ጉድጓዱ አጠገብ እኔም ነበርኩ፣ አለቀስኩ፣ ብዙ አለቀስኩ።»

ይሄን ስል የእውነት እያለቀስኩ ነበር። እናቴ ጥጡን ጣባው ውስጥ ጣለችው። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ አባቴ ግን በዓይኑ ከለከላት። እታለም አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ሊገባኝ አልቻለም።

«ብዙ አለቀስሽ?» አለችኝ በቀጭን ድምፅ።

«ብዙ።»

ዓይኗን ከደነች። አበቃ ብዬ ነበር። ከዚያ «እናቴ፣ ያን ክኒን ስጪኝ» አለች። እናቴ ከወረቀቱ አውጥታ ሰጠቻት። እታለም ፊቷን አጨማዳ ዋጠችው፣ ውሃ ጠየቀች፣ አፏን ከፍታ ለእናቴ ምላሷን አሳየች። በነጋታው ደገመች። በወረቀቱ ውስጥ የነበረው እስኪያልቅ ዋጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ከመጠበቅ የከፋ በሽታ አላውቅም። በየቀኑ ፀሐይ ከአናት ስታዘነብል ሁላችንም መደቡ ዙሪያ እንሰበሰባለን። ብርዱ ይመጣል፤ ከትናንት ቀለል ይላል እንበል ወይስ ምኞታችን ነው? ማንም አይናገርም፣ ተናግረን እንዳናስከፋው። አንድ ቀን ጥላው ከደፉ ተነስቶ እስከ ምሰሶው ደረሰ፣ ምሰሶውን አለፈ፣ ብርዱ ግን አልመጣም። አባቴ ሳል አስመስሎ አለቀሰ። እናቴ ተነስታ ሾርባ መሥራት ጀመረች፤ ድስቱን ግልብጥ አድርጋ እንደጣደችው ያየሁት እኔ ነኝ። እታለም «ራበኝ» አለች። እኔ ያን ከሰዓት ግድግዳ ተደግፌ በቁሜ እንቅልፍ ወሰደኝ አሉ፤ አባቴ ተሸክሞ አስተኛኝ። ምን እንዳየሁ አላስታውስም።

ጤፉ ሳይታጨድ የቀረበት ብዙ ነበር፣ ሰው የጠፋበት ቤትም ብዙ ነበር፣ ስለዚህ ሰርጉ ጥር ላይ አልሆነም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ሐዘናቸውን ሳይጨርሱ ዳስ መጣል ነውር ነው አለ አባቴ፤ እማማም እኮ ጎረቤታችን ናቸው።

ሰርጉ ሊደርስ ሲል፣ እታለም እጅና እግሯ እንሶስላ ተቀብቶ በጨርቅ ታሽጎ እንደ ሕፃን መደቡ ላይ ተቀመጠች። ማንሳትም መጣልም አትችልም፤ እኔ ነኝ ውሃ የማጠጣት፣ ጀርባዋን የማክላት። ሴቶቹ ለሌላ ሥራ ሲወጡ ብቻችንን ቀረን። ድንገት ሳቅ አፈናት። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ምን ሆንሽ?»

«አንቺ ውሸታም!» አለችኝ። «ካህን አስፈታሽኝ! ደወል አስደወልሽልኝ! የእስላም ልጅ ይዘሽ ደብር ወስደሽ ቀበርሽኝ!»

ያኔ ነው የገባኝ። በኛ ደንብ ሴት ቀብር አትወጣም፤ የኛ ሰው እንዴት እንደሚቀበር አይቼም አላውቅም። ያን ዓመት ሙሉ ቀብር ማለት ለኔ በአጥር ቀዳዳ ያየሁትና ከወዲያ የሰማሁት ደወል ነበር። ጆሮዬ ጋለ። አብሬያት ሳቅኩ፤ ኋላ ግን ጠየቅኳት።

«ታዲያ ውሸት መሆኑን ካወቅሽ ለምን ዋጥሽው?»

ሳቋን አቆመች። የታሸጉ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ያን የለቅሶ ሕልምሽንማ አንድም ቀን አላመንኩትም» አለች። «ከእኔ ይልቅ አንቺን ነበር የማይሽ። ግድግዳ ተደግፈሽ፣ ዓይንሽ ቀልቶ፣ ቆመሽ። እኔ ብሞት ‹እህቴን በዘፈኔ ገደልኳት› እያልሽ ዕድሜሽን ሙሉ ልትቆሚ ነው። ለራሴ ብዬ የዋጥኩት መሰለሽ? አንቺ እንድትተኚ ነው እንጂ።»